መንደሪን እየላጡ መጠበቅ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የሚያገኘኝ ሰው ሁሉ «ለመሆኑ ያን ሁሉ ዓመት ሥራሽ ምን ነበር?» ይለኛል። «ዝም ማለት» ስል ይስቃል። የሚያውቁኝማ ሆዳቸውን ይዘው ነው የሚስቁት፤ እኔ ጽጌ ባቡር ላይ ከጎኔ የተቀመጠውን መንገደኛ አገሩንና የልጆቹን ስም ሳልጠይቅ የምወርድ ሴት አይደለሁም። ቢሆንም እውነቴን ነው። ደመወዝ የሚከፈለኝ ወጣቶች ተሰብስበው ሲመክሩ አፌን ይዤ እንድጠብቅ ነበር። ሥራዬንም በደንብ አውቀው ነበር፤ ይህን ለመናገር አልሽኮረመምም።

አዲስ አበባ ሳለሁ የሥነ ዜጋ መምህርት ነበርኩ። የዴሞክራሲን ትርጉም ጥቁር ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፣ ተማሪዎቼ ይገለብጣሉ፣ በፈተና ጊዜ መልሰው ይሰጡኛል፣ እኔም ሙሉ ማርክ እሰጣቸዋለሁ። «ለምን?» ብሎ የጠየቀኝ ልጅ አላስታውስም። ቢጠይቀኝም «ቁጭ በል!» የምለው ይመስለኛል። በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ላይ ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ከተማ ስገባ ያን ሁሉ ትርጉም በቃሌ ይዤ ነው የመጣሁት፤ የሚፈልገው ሰው ግን አልነበረም። መሀል ከተማ አንድ ፓርኪንግ ውስጥ ትኬት ስቆርጥ ቆየሁ። ስለ ክፍያው ማውራት አያስፈልግም፤ የቤት ኪራይ ከነካው በኋላ የሚወራ ነገር አይተርፍም።

አንድ ቀን መኪናዋን ልታወጣ የመጣች ነጭ ጸጉር ያላት ጥቁር አሜሪካዊት በስልክ ሳወራ ቆማ አዳመጠችኝና «ምን ቋንቋ ነው?» አለችኝ። ነገርኳት። «እኔ ጋ ከትምህርት በኋላ የሚመጡ የአገርሽ ልጆች አሉ። ወላጆቻቸውን የሚያናግርልኝ ሰው አጥቻለሁ» አለች። ሚስ ሎሬን ትባላለች። እዚያው ኦክላንድ ተወልዳ ያደገች፣ ቴሌግራፍ ጎዳና አካባቢ ያለ የወጣቶች ማዕከል ኃላፊ ነበረች። የጣት አሻራ ሰጥቼ፣ ወረቀቱን ሞልቼ ገባሁ።

የመጀመሪያ ቀን ምንም ሳትነግረኝ የወጣቶቹ ስብሰባ ውስጥ አስቀመጠችኝ። ሰብሳቢዋ ሚስ ሎሬን ትሆናለች ብዬ ስጠብቅ፣ ሰብሳቢዋ ቅንድቧን የተበሳች የአሥረኛ ክፍል ልጅ ሆና ተገኘች። ሚስ ሎሬን ቃለ ጉባኤ ያዥ ነበረች። እኛ ዘንድ አለቃ ይሰበስባል፣ ታናሽ ይጽፋል፤ ይህ ምን ዓይነት የተገለበጠ ቤት ነው አልኩ በሆዴ። ከተማው የልጆቹን የቅርጫት ኳስ ሜዳ ማታ ማታ ሊዘጋ ነው፤ ጉዳዩ ይህ ነበር። ልጅቷ «ምን እናድርግ?» ብላ ጠየቀች። ማንም አልመለሰም። ዝምታው ረዘመ፤ ተማሪ ዝም ካለ መልሱን አስተማሪ ነው የሚሰጠው፣ እኔ የማውቀው ይህን ነው። አፌን ስከፍት ሚስ ሎሬን በጠረጴዛው ስር እግሬን ረገጠችኝ። ከዚያም ከቦርሳዋ መንደሪን አወጣችና መላጥ ጀመረች። ልጣጩ እንዳይቆረጥ እየተጠነቀቀች፣ ዙሪያውን ቀስ እያለች። ግማሽ ሳትደርስ ከጥግ ያለ አንድ ልጅ «እዚያ ሜዳ ካልሄድኩ እኔ የት እንደምውል ታውቃላችሁ?» ብሎ ጀመረ። ከዚያ በኋላ የሚያቆማቸው አልተገኘም።

ስንወጣ «ያን ዝምታ አንቺ ሞልተሽው ቢሆን ኖሮ፣ ልጁ ምን ሊል እንደነበር መቼም አናውቅም ነበር» አለችኝ። ሌላ ንግግር አላደረገችም።

ከእሷ የተማርኩት ሁሉ እንዲህ ያለ ነገር ነው። ወንበሮቹን በክብ የምታስቀምጠው ራሷ ናት፤ ንፋስ የሚመታውን የበሩን ወንበር ለራሷ ትይዛለች። ልጅ ጥሩ ሲናገር «ጎበዝ!» አትልም፤ «ከዚያስ?» ነው የምትለው። ጎበዝ የተባለ ልጅ ያቆማል፣ ከዚያስ የተባለ ይቀጥላል። የተጣሉ ልጆች ሲመጡ «ለምን?» ብላ አትጀምርም። «ለምን» ሲባል ልጁ የራሱ ጠበቃ ይሆናል፤ «ምን ሆነ?» ሲባል ግን ምስክር ይሆናል። ድምፅ ከመስጠታቸው በፊት የሚሸነፈው ወገን ምን ቢደረግለት ከሌሎቹ ጋር መኖር እንደሚችል ይጠየቃል። እኔ አገር ቤት «የብዙኃን የበላይነትና የአናሳዎች መብት» እያልኩ ስጽፍ የነበረው ነገር ይሄ መሆኑ ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

ጥቂት ዓመት አብሬያት ከሠራሁ በኋላ ማዕከሉ ሳን ሆዜ ቅርንጫፍ ከፈተና ሐበሻ ይበዛል ተብሎ እኔ ተላክሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ የኢትዮጵያውያን ኮሚኒቲ በተከራየው አዳራሽ ልጆቹን እናስጠናለን፣ እናወያያለን። የእስላሙም፣ የጴንጤውም፣ የኦርቶዶክሱም ልጅ ይመጣል። እናትና አባት ከኩፐርቲኖና ከማውንቴን ቪው ቢሮዎች ጽዳት ወይም ከታክሲ ሥራ ሲመለሱ ልጆቻቸውን ይወስዳሉ። የኮሚኒቲው ሊቀ መንበር ጋሽ ወርቁ ነበሩ፤ ደግ፣ ጨዋ፣ ተረትና ምሳሌ ሳይናገሩ ውሃ የማይጠይቁ ሰው።

እዚያ ነው አንዋርን ያገኘሁት። የወሎ ተወላጁ የአቶ ሰዒድ የመጀመሪያ ልጅ ነው። አባቱ ኤርፖርት ታክሲ ይነዳሉ። አንዋር ትንሽ እህቱን ሐናንን እጇን ይዞ ይመጣና ለእሷ መጀመሪያ ወንበር ፈልጎ ነው እሱ የሚቀመጠው። የቅርብ ጓደኛው ዮናስ ደግሞ እናቱ የአማርኛ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን ዘማሪ ናት። ሁለቱ በአንድ ጫማ የሚሄዱ ነበሩ ማለት ይቻላል። አንድ ሰሞን ግን ትምህርት ቤታቸው ውስጥ ተደባደቡ፤ መጀመሪያ የመታው አንዋር ነው። ትምህርት ቤቱ «ለምን?» ሲላቸው ሁለቱም አልናገርም አሉ። ትምህርት ቤቱ «አንዋር አንድ ጊዜ ቢደግም እዚህ መማሩ ያበቃል» ብሎ አስጠነቀቀ።

አቶ ሰዒድ እኔ ጋ መጡ። «እትዬ ጽጌ፣ ወላሂ አንገቴን ነው የደፋሁት። ሽማግሌ ይቀመጥልኝ» አሉ። ሐሳቡ ልቤን ሞላው። ለኦክላንድ የኦክላንድ ዘዴ፣ ለእኛ ደግሞ የእኛው አልኩ። ሚስ ሎሬን በስልክ «ልጆቹ ይህን ፈልገዋል?» ብትለኝ «አንቺ ባህላችንን አታውቂውም» ብዬ ዘጋኋት።

ጋሽ ወርቁ፣ አንድ ሐጂና አንድ ፓስተር ፊት ለፊት ተቀመጡ። ልጆቹ ከጎን፣ አባትና እናት ከኋላ። ጋሽ ወርቁ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብለው ከፈቱ። ሐጂው ስለ ጉርብትና፣ ፓስተሩ ስለ ይቅርታ ተናገሩ፤ ንግግሩስ ማር ነበር። ልጆቹ ከአማርኛው ግማሹን እየሰሙ ወለል ወለሉን ያያሉ። መሀል ላይ አንዋር «በት ሂ... ግን እኮ እሱ...» ብሎ ሲጀምር አባቱ ከኋላ «ዝም በል! አባቶች እየተናገሩ!» አሉት።  በመጨረሻ «ተነሱና ተሳሳሙ» ተባሉ፤ ተሳሳሙ። ጋሽ ወርቁ «ነገሩ ዛሬ ተቀበረ፤ ነገ የእናንተ ነው» አሉ፣ ተመረቅን፣ ሳምቡሳ በላን። አቶ ሰዒድ ደስታቸው ፊታቸው ላይ ያበራ ነበር። እኔም ደስ ብሎኝ ቤቴ ሄድኩ።

ሳምንት ሳይሞላ ምሳ ቤት ውስጥ እንደገና ተደባደቡ፤ የቀደመውን የሚያስረሳ ነበር። ዮናስ ለጥቂት ጊዜ ታገደ። አንዋር ተባረረ፤ አባቱም «እዚህ ካለ ይጠፋብኛል» ብለው ኮንኮርድ ከተማ አክስቱ ዘንድ ሰደዱት። መጽሐፎቹን ሊወስድ አዳራሹ ሲመጣ ተከትዬው ወጣሁ። «ኖባዲ አስክድ ሚ» አለ ሳያየኝ። ከዚያ እንድሰማው ፈልጎ መሰለኝ በአማርኛ ደገመው፦ «አንድ ሰው ምን ሆነ አላለኝም፣ ሚስ ጽጌ።» እህቱ በሩ ላይ ቆማ ታለቅስ ነበር።

በሥራ ዘመኔ ብዙ ነገር አበላሽቻለሁ፤ ያን ያህል የቆረቆረኝ የለም። ሁሉን ነገር አውቄ ነው የሳትኩት። ለሚስ ሎሬን ስደውል «ነግሬሽ ነበር» ትላለች ብዬ ፈራሁ። «ምን ሆነ?» አለችና ዝም አለች። በስልክ የመንደሪን ልጣጭ አይሰማም፤ እኔ ግን የሰማሁት መሰለኝ። ሁሉን ዘረገፍኩላት። «ከዚያስ?» አለች።

ከዚያማ ሥራ ጀመርኩ። ሳን ሆዜ ላይ እውነተኛ የወጣቶች ምክር ቤት አቋቋምን፤ ሰብሳቢ ከልጆቹ፣ ቃለ ጉባኤ ያዥ እኔ፣ የበሩ ወንበር የእኔ። ልጆቹ ራሳቸው ያወጡት የመጀመሪያ ደንብ «ባለጉዳዩ መጀመሪያ ይናገር» የሚል ነበር። ከአዳራሹ ፊት ያለው መንገድ መሻገሪያ አልነበረውም፤ ልጆቹ ማዘጋጃ ቤት ሄደው ማይክ ይዘው ተናገሩ፣ ተመላለሱ፣ አዘጋጅተው የሄዱትን ንግግር የተሰጣቸው ደቂቃ ሲያልቅ የሚጮኸው ደወል እየቆረጠባቸው ማሳጠር ተማሩ። በስተመጨረሻ ነጩ መስመር ተቀባ። ዛሬም በዚያ ሳልፍ ሌላ መንገድ ቢቀርበኝ እንኳ በእሱ ነው የምሻገረው። ሚስ ሎሬን ጡረታ ስትወጣ አንድ ካርቶን መንደሪን ላኩላት። «በመጨረሻ ለመብላት የሚሆን» ብላ መለሰችልኝ።

ዓመታት አለፉ፣ ሐናን አደገችና የምክር ቤቱ ሰብሳቢ ሆነች። ወንድሟ ወንበር ይፈልግላት የነበረችው ልጅ ሰው ታስቀምጥ ጀመር። አንድ ችግር ነበረባቸው፦ የኮሚኒቲው ኮሚቴ ልጆቹን ሳይጠይቅ አዳራሹን ለሌላ ስብሰባ እየሰጠ፣ የሚያጠኑት መኪና ማቆሚያ ላይ የሚቀሩበት ቅዳሜ በዛ። ሐናን በጠቅላላ ጉባኤ ተነስታ ኮሚቴው ውስጥ ድምፅ ያላቸው ሁለት የወጣት ወንበሮች ይኑሩ ብላ ጠየቀች። ጋሽ ወርቁ እየሳቁ «ልጄ፣ ነገ እኮ የእናንተ ነው!» አሉ። እሷ አልተቀመጠችም።

«ጋሽ ወርቁ፣ ለወንድሜም እንደዚሁ ነበር ያላችሁት። ቱሞሮው መቼ ነው የሚመጣው? ዴት ስጡን።»

ግማሹ አዳራሽ ሳቀ፣ ግማሹ «እረ ምን ጉድ ነው!» አለ። ጋሽ ወርቁ ባርኔጣቸውን አንስተው ወጡ። አቶ ሰዒድ ደግሞ በዚያው ምሽት ደወሉልኝ። «ሰው ፊት ሽማግሌ አዋረደች። ሽማግሌ ይሰብሰብ፣ ጉልበት ስማ ይቅርታ ትጠይቅ፣ ያለችውንም ታንሳ። እምቢ ካለች ከዚህ ምክር ቤት ከምትሉት ነገር አወጣታለሁ።» የማደርገው ነገር ካልተሳካ ሐናንም እንደ ወንድሟ ልትሄድብኝ ነው።

በማግስቱ ጋሽ ወርቁ ቤት ሄድኩ። ሻይ አቀረቡልኝ፣ ፊታቸው ግን አልተፈታም።

«ጋሽ ወርቁ፣ አገር ቤት ሽማግሌ ሲቀመጥ መጀመሪያ ማንን ይሰማል?»

«ይህም ይጠየቃል? ባለጉዳዩን ነዋ! ከሳሽን፣ ከዚያ ተከሳሽን።»

«በአንዋር ጊዜስ ማንን ሰማን?»

 ሻዩ ከቀዘቀዘ በኋላ «አባቱን» አሉ። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኼው ነው። እንደፈለግሽ አስቀምጪን።»

ወንበሮቹን በክብ አደረግኋቸው። መጀመሪያ የመጡት ጋሽ ወርቁ ናቸው፤ ሐጂውና ፓስተሩም ተከተሉ። አቶ ሰዒድ ገቡና ክቡን አይተው ፊት የቱ እንደሆነ ጠፋቸው፤ ቢጨንቃቸው መስኮት ስር ተቀመጡ። ልንጀምር ስንል በሩ ተከፈተና አንዋር ገባ። ኮንኮርድ ውስጥ መካኒክ ሆኗል፤ የሥራ ቱታውን እንኳ አላወለቀም። ሐናን ናት «ና» ያለችው። ከእህቱ ጎን ተቀመጠ። ከአባቱ ጋር በበዓል ብቻ ነበር የሚገናኙት፤ ያን ጊዜም ስለ መኪና ብቻ ነው የሚያወሩት።

ሐናን እንድትናገር ተጠየቀች። ወደ ጋሽ ወርቁ ዞረች። «ጋሽ ወርቁ፣ ሰው ስላሳቅኩብዎት ይቅርታ። አይ ሚን ኢት። ከልቤ ነው። ጥያቄዬን ግን አላነሳውም። ትንንሾቹ መኪና ማቆሚያ ላይ ነው ሆምወርክ የሚሠሩት፤ ያንን ማን ይጠይቅላቸው?»

ዝም ተባለ። ጋሽ ወርቁ ተረት ሊያመጡ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ሰማሁ። ከቦርሳዬ መንደሪን አወጣሁና መላጥ ጀመርኩ። እሳቸው መንደሪኑን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ተረታቸውን ዋጡ።

ሁለቱ ወንበሮች በሚቀጥለው ጉባኤ ጸደቁ፤ አሁኑኑ ልናገረው። አንደኛው ላይ ሐናን ተቀመጠች፤ ሁሉም ሰው የሚያስታውሰው ይህንን ነው። እኔ ግን የማስታውሰው የዚያን ዕለቱን ዝምታ ነው። መንደሪኑ ሊገባደድ ሲል አቶ ሰዒድ ቀና አሉ። ወደ ሐናን አልነበረም የዞሩት።

«አንዋር» አሉ። «ያኔ... ምን ነበር የሆነው?»

አንዋር አባቱን አየ።  መቼም ያን ሁሉ ዓመት የጠበቀ ሰው በመጨረሻ ሲጠየቅ መልሱን የት እንዳስቀመጠው ይጠፋዋል።

«ባባ፣ ያን የስኩል ሚቲንግ ሪመምበር ታደርገዋለህ? ፔረንትስ ሁሉ የመጡበት። ተነስተህ ክዌስሽን ጠየቅክ።»

«አዎ፣ ጠየቅኩ።»

«በነጋታው ዮናስ ኢንግሊሽህን ኢሚቴት አደረገ። ምሳ ላይ ቆሞ፣ ልክ እንዳንተ። ኤቭሪባዲ ሳቀ።»

«በእኔ?»

«ባንተ። ለዚያ ነው የመታሁት። ሁለተኛው ጊዜም ልጆቹ ድገመው ሲሉት ስለደገመው ነው። እናንተ ፊት እንዳልናገረው... አንተ እዚያው ከኋላዬ ነበርክ፣ ባባ። እንዴት ልበለው?» ቱታው ላይ ያለውን ግራሶ በጣቱ ይፍቅ ጀመር። «ዮናስና እኔማ ታርቀናል። ድሮ። ቴክስት አደረገልኝ። እናንተ ናችሁ ያላወቃችሁት።»

ፓስተሩ መነጽራቸውን አወለቁ። እኔ የአቶ ሰዒድን ፊት ማየት ከበደኝ፤ የሰደዱት ለክብራቸው የተጣላላቸውን ልጅ ነበር።  ከዚያ ቀስ ብለው፣ ለሰማይ ለምድሩ እንደሚናገር ሰው፣

«ያን ጥያቄ እኮ» አሉ፣ «እስካሁን አልመለሱልኝም።»

ጋሽ ወርቁ ቀድመው ሳቁ፣ ከዚያ አንዋር፣ ከዚያ ሁላችንም፤ አቶ ሰዒድም እንባቸውን በመዳፋቸው እየጠረጉ ሳቁ። ሳቁ ሲበርድ ሐናን ወደ አባቷ ዘንበል ብላ፣

«ባባ፣ ጥያቄው ምን ነበር?» አለች።

አቶ ሰዒድ ተነሱ። ማንም ተነሱ አላላቸውም። የኮታቸውን ቁልፍ ቆለፉ፣ አሁንም ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ያሉ ይመስል ራቅ ብለው እያዩ፣ በዚያው የታክሲ እንግሊዝኛቸው፣ እዚሁ የተወለደ ልጃቸው እንግሊዝኛ እንደማይችል ተቆጥሮ ለብቻው ክፍል የተቀመጠው ለምን እንደሆነ ጠየቁ። ቃላቱን አንድ በአንድ ነው ያወጧቸው። ማንም አልሳቀም። ሐናን ከአፋቸው እየተቀበለች ጻፈችው፣ አንዋር አንገቱን እየነቀነቀ ሰማቸው።

ሲጨርሱ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ፤ ነገሩን እንድዘጋው ጠብቀው ነው። ሥራዬ ዝም ማለት ነበር፣ እንደ ሁልጊዜውም ዝም አልኩ። ከዚያ የላጥኩትን መንደሪን ከፋፍዬ፣ ከአቶ ሰዒድ ጀምሬ በክቡ አዞርኩት።